ከመርገጣችሁ በፊት፦ ነፍሳትን ቁጭ ብሎ ለማየት የሚረዳ መመሪያ

ግድግዳው ላይ አንድ ነገር ተንቀሳቀሰ እንበል። እጃችሁ ወዲያው ወደ ጫማችሁ ይሄዳል። የእኔም ይሄዳል፤ አሁንም አንዳንዴ። ስድስት እግር ያለው ነገር ስናይ የሚመጡልን ጥያቄዎች ሁለት ብቻ ናቸው፦ «ይናከሳል?» እና «በምን ልምታው?»። ይህ መመሪያ ሦስተኛ ጥያቄ ለማስለመድ ነው። «ምን እየሠራ ነው?»

ነፍሳትን መውደድ ግዴታ አይደለም። እኔ በረሮን እስከ ዛሬ አልወደድኩትም። ግን ምን እየሠራ እንደሆነ አንዴ ካያችሁ፣ እጃችሁ ወደ ጫማው የሚሄደው ቀስ ብሎ ነው።

በነገራችን ላይ ቋንቋችን ለእነሱ ያወጣላቸው ስም ደግ ነው። «ነፍሳት» ነው የምንላቸው። «ተባይ» የምንለው ከእኛ ጋር የተጣሉትን ነው። ከተጣሉን ደግሞ ያልተጣሉን ይበዛሉ፤ በጣም ይበዛሉ።

1. እግሩን ቁጠሩ

ስድስት እግር፣ ሦስት የአካል ክፍል (ራስ፣ ደረትና ሆድ)፣ ራሱ ላይ ሁለት አንቴና። እነዚህ ከተሟሉ ያያችሁት ነፍሳት ነው። ሸረሪት ስምንት እግር ስላለው ከዚህ ቤተሰብ አይደለም። ጊንጥና መዥገርም እንደዚያው።

ቀጥሎ ክንፉን እዩ። አብዛኞቹ በራሪዎች አራት ክንፍ አላቸው። ዝንብና ትንኝ ግን ሁለት ብቻ። በቀሩት ሁለት ክንፎች ቦታ እንደ ከበሮ መምቻ ጫፋቸው የደበለ ትንንሽ ዘንጎች አሏቸው። ሲበሩ ሚዛናቸውን የሚጠብቁት በእነሱ ነው። ዝንብ አየር ላይ እንዲያ እየተጣጠፈ የሚያናድደን ያለ ምክንያት አይደለም። ጥንዚዛ ደግሞ የፊት ክንፎቹ ጠንክረው ክዳን ሆነዋል። መብረር ሲፈልግ ክዳኑን ይከፍትና ከሥሩ የታጠፈውን ስስ ክንፍ ይዘረጋል። ሲያርፍ መልሶ ሲያጣጥፈው ማየት ልብስ የሚያጥፍ ሰው እንደ ማየት ነው፤ አንዳንዴ ጫፉ ውጭ ይቀርበትና እንደገና ይሞክራል።

ሳይንስ እስካሁን ስም የሰጣቸው የነፍሳት ዝርያዎች 1,000,000 ገደማ ናቸው። ከእነዚህ ውስጥ ከ350,000 በላይ የሚሆኑት ጥንዚዛዎች ናቸው። ስለዚህ ያያችሁትን ሁሉ በስም ካላወቅኩ ብላችሁ አትጨነቁ። ማንም አያውቅም።

2. ዕቃ

ብዙ አያስፈልግም። 10 እጥፍ የሚያጎላ ትንሽ አጉሊ መነፅር፣ ነጭ ጨርቅ፣ ግልፅ ብርጭቆ፣ ጠንከር ያለ ወረቀት፣ ደብተርና እርሳስ። አጉሊ መነፅሩን ብዙ ሰው አያውቅበትም። ክንዱን ዘርግቶ እንደ ፊልም መርማሪ ይይዘዋል። እናንተ ዓይናችሁ ሥር አስጠግታችሁ ያዙትና ምስሉ እስኪጠራ ድረስ ወደምታዩት ነገር ጠጋ በሉ። ስልክም ይሠራል፤ በተለይ ቪዲዮውን አዘግይቶ የሚቀርፀው።

3. አንድ ቦታ፣ አሥር ደቂቃ

ጫካ መሄድ አያስፈልግም። አበባ ያወጣ አንድ ተክል ይበቃል፤ የሸክላ ተክልም ቢሆን። ፀሐይ የወጣበት፣ ነፋስ ያልበረታበት ሰዓት ምረጡ። ነፍሳት የሰውነታቸውን ሙቀት በአብዛኛው የሚያገኙት ከውጭ ነው። ሲበርዳቸው ይደነዝዛሉ። ብዙ እንቅስቃሴ ማየት የፈለገ ረፋድ ላይ ይውጣ። ቀረብ ብሎ አንድ ነገር በደንብ ማየት የፈለገ ደግሞ ማለዳ፣ ጤዛው ሳይደርቅ።

ተቀመጡ። ጥላችሁ አበባው ላይ እንዳይወድቅ ተጠንቀቁ። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ደቂቃዎች «ምንም የለም» ትላላችሁ። ዓይን ሲለምድ ግን ባዶ የመሰለው ቅጠል ሰፈር ሆኖ ይገኛል። ደብተሩ ላይ አራት ነገር ጻፉ፦ ማን መጣ፣ የት አረፈ፣ ምን አደረገ፣ ምን ያህል ቆየ። ለስሙ «ጥቁሩ ባለ ፀጉር» ብትሉ ይበቃል።

ንብ ከመጣች የኋላ እግሯን እዩ። ሠራተኛዋ ንብ እዚያ ላይ ዙሪያው በፀጉር የታጠረ ጎድጓዳ ቦታ አላት። ከአበባው የሰበሰበችውን ብናኝ በትንሽ ወለላ እያረጠበች እዚያ ትጠቀጥቀዋለች። እየሞላ ሲሄድ ክብ እንክብል ይሆናል። አንዷ ንብ ቢጫ፣ ሌላዋ ብርቱካናማ፣ ሌላዋ ግራጫ ይዛ ታገኟታላችሁ። ቀለሙ የሚለያየው አበባው ስለሚለያይ ነው። የሰፈራችሁን አበቦች ብናኝ ቀለም ካወቃችሁ፣ ንቧ ከየት እንደመጣች እግሯን አይታችሁ መገመት ትችላላችሁ።

ይህ ሥራ ምን ያህል ይመዝናል? ለምግብ ከምናመርታቸው ዋና ዋና የሰብል ዓይነቶች ሦስት አራተኛ የሚሆኑት ፍሬ ወይም ዘር ለመስጠት ቢያንስ በከፊል የሚያዳቅላቸው፣ ማለትም ብናኙን ከአበባ ወደ አበባ የሚያደርስላቸው፣ እንስሳ ያስፈልጋቸዋል። አብዛኛውን ጊዜ ያ እንስሳ ነፍሳት ነው። ስንዴ፣ ሩዝና በቆሎ ያለ እነሱ ይኖራሉ፤ ስለዚህ ዳቦ አይጠፋም። ዱባ፣ ሐብሐብና ፖም ግን ጉድ ይፈላባቸዋል። ቸኮሌትም ጭምር። የካካዎን አበባ በዋናነት የሚያዳቅሉት ጥቂት ሚሊሜትር ብቻ የሆኑ፣ ትንኝ የሚመስሉ በራሪዎች ናቸው። ሰው የሚያራግፋቸው ዓይነት።

አበባው ላይ ንብ መስላ የምትመጣ አስመሳይም አለች። ቢጫና ጥቁር ሸንተረር አላት፣ አየር ላይ ቀጥ ብላ ትቆማለች። ክንፏን ቁጠሩ። ሁለት ከሆነ፣ አንቴናዋ አጭር፣ ዓይኗም ራሷን የሸፈነ ከሆነ ዝንብ ናት። መውጊያ የላትም። ወፎች እንዲፈሯት የንብ ልብስ ለብሳ ነው የምትዞረው።

ንብ በደንብ የምትመላለስበት ቦታ ካላችሁ አንድ ሙከራ ልጨምር። ሰማያዊና ቢጫ ወረቀት ቁረጡ። በሁለቱም ላይ ትንሽ ክዳን አስቀምጡ። ሰማያዊው ላይ ባለው ክዳን ውስጥ የስኳር ውሃ አድርጉ፤ ቢጫው ላይ ባለው ውሃ ብቻ። ንቦቹ ከለመዱ በኋላ ክዳኖቹን በንፁህ ባዶ ክዳን ቀይሩ፣ የወረቀቶቹንም ቦታ አቀያይሩ። ወዴት ይሄዳሉ? ቻርልስ ሄንሪ ተርነር የተባለ አፍሪካ አሜሪካዊ ሳይንቲስት እ.ኤ.አ. በ1910 ያሳተመው ሙከራ የዚህ ዘመድ ነው። ቀለም የተቀቡ ነገሮች ላይ ማር እያደረገ ንቦች ቀለም ለይተው መማር እንደሚችሉ አሳየ። በሴንት ሉዊስ ከተማ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር ነበር። የዩኒቨርሲቲ ላቦራቶሪ ሳይኖረው ከ70 በላይ ሳይንሳዊ ጽሑፎች አሳትሟል። በቀይ ወረቀት ግን አትሞክሩት። ንቦች ቀይን እንደ እኛ አያዩትም። በምትኩ እኛ የማናየውን፣ አልትራቫዮሌት የሚባለውን ብርሃን ያያሉ።

እዚህ ላይ ስለ መነደፍ። አበባ ላይ ያለች ንብ ሥራ ላይ ናት፤ ካልጨበጣችኋት ከእናንተ ጋር ጉዳይ የላትም። ቀፎ ወይም የተርብ ጎጆ አጠገብ ግን አትቁሙ። ከተነደፋችሁ የንቧ መውጊያ ቆዳችሁ ላይ ይቀራል፣ መርዙንም መግፋት ይቀጥላል። በጥፍርም ሆነ በምን፣ ቶሎ ማውጣት ነው። ከዚያ ቦታውን ልቀቁ፤ ከመውጊያው ጋር የሚወጣው ጠረን ሌሎቹን ይጠራል። ፊት ማበጥ፣ ትንፋሽ ማጠር ወይም ራስ ማዞር ካለ በቀጥታ ወደ ሐኪም ነው። ፀጉራም አባጨጓሬም በባዶ እጅ አይነካም።

4. የጉንዳን መንገድ

ይህንን ለልጆች እተወው ነበር። ግን እኔው ራሴ ከሁሉ በላይ የምወደው ሙከራ ነው።

ጉንዳኖች ከሚመላለሱበት አካባቢ ጥቂት ርቃችሁ አንድ ጠብታ ማር አድርጉ። ጠብቁ። መጀመሪያ አንዷ ታገኘዋለች። ጠጥታ ሆዷ ሲሞላ ትመለሳለች፤ ስትመለስ ሆዷን መሬት እያስነካች ጠረን ትተዋለች። ያንን ጠረን ተከትለው ሌሎች ይመጣሉ። እነሱም ሲመለሱ ይጨምሩበታል። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ገመድ የመሰለ ሰልፍ ይኖራችኋል። ያዘዘ አለቃ የለም።

አሁን እርጥብ ጨርቅ ወስዳችሁ ሰልፉን በአንድ ቦታ ላይ አቋርጣችሁ ጥረጉ። ጉንዳን አትግደሉ፤ መሬቱን ብቻ። መጥረጊያው ጋ ሲደርሱ ይቆማሉ። አንቴናቸውን ያወዛውዛሉ፣ ወደ ኋላ ይመለሳሉ፣ ይጋጫሉ። እኛ መሬቱን ስናይ ምንም የተለወጠ ነገር የለም። ለእነሱ ግን ድልድይ ፈርሷል። ትንሽ ቆይቶ አንዷ ደፍራ ትሻገራለች፣ መንገዱም እንደገና ይሠራል።

ጉንዳኖቹ ተክል ላይ የሚወጡ ከሆነ ተከተሏቸው። ለጋው ጫፍ ላይ ክሽክሽ የሠፈረበት ታገኛላችሁ። ክሽክሽ የተክሉን ፈሳሽ ይመጥና የተረፈውን ጣፋጭ ጠብታ በኋላው ያወጣል። ጉንዳኗ ክሽክሹን በአንቴናዋ ትዳስሰዋለች፣ ጠብታው ይወጣል፣ ትጠጣለች። ላም ማለብ ነው። ጠላት ሲመጣባቸውም ትከላከላለች።

ከጠላቶቹ አንዷ ያቺ ቀይ ሆና ጥቁር ነጠብጣብ ያላት ክብ ጥንዚዛ ናት። እሷን ሁሉም ይወዳታል። ልጇን ግን ማንም አያውቃትም። ጠቆር ያለች፣ ረዘም ያለች፣ ብርቱካናማ ምልክት ያላት፣ ትንሽ አዞ የመሰለች ትል ናት። ክሽክሽ የምትበላው እሷም ናት። ብዙ አትክልተኛ ግን «ተባይ» ብሎ በጣቱ ይጨፈልቃታል። እኔም ጨፍልቄያለሁ።

5. ሥር ሥሩን

ድንጋይ ወይም የወደቀ ግንድ ወደ እናንተ አቅጣጫ አንሱ። ከሥር የሚሮጥ ነገር ካለ ከእናንተ ወደ ውጭ ይሮጣል። አይታችሁ ስትጨርሱ ድንጋዩን እንደነበረ መልሱት፤ የሰው ጣሪያ ነው ያነሳችሁት። ቅርንጫፍ ሥር ነጭ ጨርቅ ዘርግታችሁ ቅርንጫፉን በዱላ መታ መታ ብታደርጉም የሚወርደው ያስገርማችኋል።

እዚህ ታች የሚሠራው ሥራ አያምርም። መበስበስ ነው። ቅጠሉን፣ ሬሳውን፣ እበቱን የሚበትኑት እነሱ ናቸው። ባይኖሩ ምን ይፈጠር ነበር ለሚል የአውስትራሊያ ታሪክ አለ። አውሮፓውያን እ.ኤ.አ. በ1788 ከብት ይዘው ገቡ። የአገሩ ጥንዚዛዎች የለመዱት የካንጋሮን ትንንሽና ደረቅ፣ ጠጠር የመሰለ ኩስ ነበር፤ የከብቱን እበት አልደፈሩትም። እበቱ ለወራት መሬት ላይ ደርቆ ሣሩን ሸፈነ፣ ዝንብም ተራባበት። ጆርጅ ቦርኔሚሳ የተባለ የሃንጋሪ ተወላጅ ሳይንቲስት መፍትሔው ጥንዚዛ ማስመጣት ነው አለ። ሥራው እ.ኤ.አ. በ1965 ተጀምሮ 20 ዓመት ቆየ። ከአፍሪካና ከአውሮፓ ከመጡት ውስጥ ከ20 በላይ ዝርያዎች እዚያው ተላምደው ቀሩ።

እበት የሚያንከባልለውን ጥንዚዛ ካገኛችሁ ሥራ ፍቱለት። ኳሱን በኋላ እግሩ እየገፋ፣ ራሱን ዘቅዝቆ፣ ወደ ኋላ ነው የሚሄደው። አልፎ አልፎ ኳሱ ላይ ይወጣና ዙሪያውን ይዞራል። አቅጣጫ እያየ ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ ጨረቃ በሌለበት ሌሊት አንድ ዝርያ ቀጥ ብሎ የሚሄደው ፍኖተ ሐሊብን፣ ያንን ሰማይ ላይ የተዘረጋ ነጣ ያለ የከዋክብት መንገድ፣ እያየ ነው። ተመራማሪዎቹ ይህን ያረጋገጡት ለጥንዚዛዎቹ የካርቶን ቆብ አድርገውላቸው ነው። ሰማዩ ሲጋረድባቸው ዝም ብለው ሲንከራተቱ ታዩ።

6. ማታ

ነጭ ጨርቁን ገመድ ላይ ስቀሉ፣ ከፊቱ መብራት አድርጉ፣ ሌላውን መብራት አጥፉ። ጨረቃ የሌለችበት፣ ሞቅ ያለና ነፋስ የሌለው ሌሊት ይሻላል። አንድ ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ጨርቁ ይሞላል።

የሚበዙት የእሳት እራቶች ናቸው። ይህን ስም ያወጣ ሰው ገጣሚ መሆን አለበት። ለእሳት እራት የሚሆን! ለምንድን ነው ግን እሳቱን የሚዞሩት? እ.ኤ.አ. በ2024 የታተመ ጥናት በፈጣን ካሜራ ተከታትሏቸው አንድ መልስ ሰጥቷል። በራሪ ነፍሳት ሲበሩ ጀርባቸውን ለብርሃኑ ይሰጣሉ። ለሚሊዮን ዓመታት ብርሃን ማለት ሰማይ፣ ሰማይ ማለት ላይ ነበር። አምፖል ሲመጣ «ላይ» የት እንደሆነ ጠፋባቸው። ስለዚህ ብርሃኑን ወደውት ሳይሆን ከእሱ መውጣት አቅቷቸው ነው የሚዞሩት። ይህን ካወቅኩ በኋላ መብራቱን ከአንድ ሰዓት በላይ አላቆየውም። እናንተም አታቆዩት።

መብራቱ ከጠፋ በኋላ ጆሮ ስጡ። ሣር ውስጥ ጭርር ጭርር የሚለው የፌንጣ ዘመድ ወንድ ነው፤ ሴት ይጠራል። ድምፁ የሚወጣው ከአፉ ሳይሆን ክንፉን ከክንፉ በማፋተግ ነው። ጆሮው ደግሞ የፊት እግሩ ላይ ነው። ሲሞቅ ይፈጥናል፣ ሲበርድ ይዘገያል። አሜሪካዊው የፊዚክስ ሊቅ ኤሞስ ዶልቤር እ.ኤ.አ. በ1897 ከዚህ ቀመር አወጣ። ቀለል ተደርጎ ሲነገር፦ በ8 ሰከንድ ውስጥ ያለውን ጭርታ ቁጠሩ፣ 5 ጨምሩ፣ ሙቀቱ በዲግሪ ሴንቲግሬድ ይመጣል። ይህ በደንብ የሚገጥመው ለአንድ የሰሜን አሜሪካ ዝርያ ነው። የእናንተውን ሙዚቀኛ ግን ጥቂት ምሽት በቴርሞሜትር ብትከታተሉት የራሱን ቀመር ታወጡለታላችሁ።

7. አንድ አባጨጓሬ አሳድጉ

የነፍሳትን ኑሮ ከሥሩ ለማየት ከዚህ የተሻለ የለም። አካሄዱ ይህ ነው። ፀጉር የሌለውን አባጨጓሬ ከነቅጠሉ ውሰዱ፤ የሚበላው ያንኑ ተክል ስለሆነ የተክሉን ቦታ አትርሱ። ሰፋ ያለ ብልቃጥ ውስጥ አድርጉት፣ አፉን በስስ ጨርቅ ሸፍኑት። ውስጡ ቁመቱ ብልቃጡን የሚያክል እንጨት አቁሙ። ፀሐይ ላይ አታስቀምጡት፣ ይቀቀላል። በየቀኑ ቅጠሉን ቀይሩ፣ ኩሱን ጥረጉ። ይህን የዘለለ ሰው ሻጋታ ነው የሚያሳድገው።

የእኔ የመጀመሪያው ከጥቅል ጎመን ላይ የወሰድኩት ነበር። ጥሩ ይበላ ነበር፣ ወፍሮልኝም ነበር። አንድ ጠዋት ስነሳ አጠገቡ እንደ ጥጥ የለሰለሱ ቢጫ ነገሮች ተከምረዋል። እንቁላል ጣለ ብዬ ደስ አለኝ። ለሰው ሁሉ ፎቶ ላክሁ። አባጨጓሬ ገና ልጅ ነው፣ እንቁላል አይጥልም፤ ይህን ያኔ አላውቅም። ከጥቂት ቀናት በኋላ ከቢጫዎቹ ውስጥ ትንንሽ ጥቁር ተርቦች ወጡ። እናታቸው እንቁላሏን አባጨጓሬው ሰውነት ውስጥ ወግታ አስቀምጣ ኖሯል። ልጆቿ ውስጡን እየበሉ አድገው፣ ቆዳውን ቀድደው ወጥተው፣ ሐር ጠቅልለው ተኙ። እኔ ቅጠል ስቀልብ የነበረው ለእነሱ ነው። መጀመሪያ ዘገነነኝ። ቆይቶ ግን ጎመን እስከ ዛሬ ያልጠፋው በማን እንደሆነ ገባኝ።

ሁለተኛው ተሳካ። መብላት አቆመ፣ እንጨቱ ላይ ወጣ፣ በሐር ክር ራሱን አሰረ፣ ቆዳውን ጥሎ ፑፓ ሆነ፤ ልባስ ውስጥ ተዘግቶ ዝም አለ ማለት ነው። በዚያ ልባስ ውስጥ የድሮው አካል አብዛኛው ፈርሶ እንደ አዲስ ይሠራል። የምትወጣው ቢራቢሮ ክንፏ እርጥብና የተጨማደደ፣ እንደ ታጠበ መሐረብ ነው። እንጨቱ ላይ ተንጠልጥላ የሰውነቷን ፈሳሽ ወደ ክንፏ ትገፋለች፤ ዓይናችሁ እያየ ይዘረጋል። ከሆዷ ቀላ ያለ ጠብታ ብታወጣ አትደንግጡ፣ ደም አይደለም። ልርዳት ብላችሁም አትንኩ። ክንፏ እስኪደርቅ አንድ ሁለት ሰዓት ስጧትና ተክሉ አጠገብ ልቀቋት።

ማሪያ ሲቢላ ሜሪያን የሐር ትል ማሳደግ የጀመረችው በ13 ዓመቷ፣ በፍራንክፈርት ነው። በ17ኛው ክፍለ ዘመን፣ ብዙ ሰው ትል ከጭቃና ከብስባሽ ይፈጠራል ብሎ በሚያምንበት ጊዜ። እያንዳንዱን ከእንቁላሉ እስከ ክንፉ፣ ከሚበላው ተክል ጋር ሳለችው። እ.ኤ.አ. በ1699፣ በ52 ዓመቷ፣ ልጇን ይዛ መርከብ ተሳፍራ ደቡብ አሜሪካ፣ ሱሪናም ድረስ ሄደች። ትል ፍለጋ።

8. ቦታ ተዉላቸው

እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ የጀርመን ጥናት 63 ጥብቅ ቦታዎችን ተከታትሎ፣ በ27 ዓመት ውስጥ የበራሪ ነፍሳት ጠቅላላ ክብደት ከ75 በመቶ በላይ እንደቀነሰ አገኘ። የአንድ አገር ጥናት ነው፤ ግን የተጠበቀ ቦታ ላይ ይህ መሆኑ ያሳስባል።

እናንተ ማድረግ የምትችሉት በአብዛኛው አለማድረግ ነው። የረገፈውን ቅጠል ሁሉ አትጥረጉ። ፀሐይ የሚያገኘው ጥግ ላይ ትንሽ ባዶ አፈር ተዉ። ከ20,000 በላይ የንብ ዝርያዎች አሉ፤ አብዛኞቹ ቀፎ የላቸውም፣ ብቻቸውን አፈር ቆፍረው ነው ልጅ የሚያሳድጉት። የውጭ መብራት ያለ ሥራ አይደር። ክሽክሽ ባያችሁ ቁጥር መርዝ አትርጩ፤ መርዙ ክሽክሹን የምትበላዋን ጥንዚዛም ይገድላል። ዝርግ ሳህን ላይ ጠጠር አድርጋችሁ ውሃ ብታኖሩ ንቦች ይጠጡበታል። ውሃውን ግን በየሁለት ቀኑ ድፉት፣ አለዚያ ትንኝ ይፈለፈልበታል። ትንኝ ላይ እኔም አልራራም። የምትነክሰው ሴቷ ብቻ መሆኗን ባውቅም፣ ወንዱ የአበባ ወለላ ብቻ መጠጣቱን ባውቅም።

9. ቤት የገባውን ማስወጣት

ወደ ግድግዳው እንመለስ። ብርጭቆውን ቀስ ብላችሁ ድፉበት። ወረቀቱን በግድግዳውና በብርጭቆው አፍ መሃል አንሸራትቱ፤ እግሩ እንዳይቆረጥ ሲንቀሳቀስ ጠብቁት። ወረቀቱን በመዳፋችሁ ደግፋችሁ ወደ ውጭ ውሰዱት። ከመልቀቃችሁ በፊት ብርጭቆውን ወደ ብርሃን አንሱና አንድ ደቂቃ እዩት። አንቴናውን በእግሩ ሲያፀዳ ታገኙት ይሆናል። እግሩንም ቁጠሩ። ስምንት ከሆነ ሸረሪት ነው፤ እሱንም ልቀቁት።